ነጭ የሆነው ጠርሙስ

ወንዙ ዳር የወረድነው ከፋሲካ በኋላ ነው። ሞራችን፣ የሳይንስ አስተማሪያችን፣ ለእያንዳንዳችን ትንሽ የመስታወት ጠርሙስ ሰጥታናለች። ሥራው ቀላል ነው፤ ውኃ ትቀጃለሽ፣ ከሁለቱ ብልቃጦች ጥቂት ጠብታ ትጨምሪያለሽ፣ ክዳኑን ገጥመሽ ትንጫለሽ። መናጥ ደግሞ እኔ አውቅበታለሁ። ከክፍሉ ሁሉ ቀድሜ ጨረስኩ። ጠርሙሴ ውስጥ እርጎ የመሰለ ነጭ ነገር ረጋ። እንዴት ደስ አለኝ! በዚያ በሚንተባተብ ዕብራይስጤ፣ “የኔ ውኃ ንጹሕ ነው” አልኩ።

ሞራዋ ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንስታ አየችው። ከዚያ እንዲገባኝ ቀስ እያለች ነገረችኝ። አየር ያለው ውኃ ቡናማ ይሆናል። ነጭ ከሆነ ዓሣ የሚተነፍሰው አየር የለውም ማለት ነው። “እዚህ ውስጥ ምንም ነገር አይኖርም” አለች። ፍሳሽ ይገባበታልና እጃችንን በሳሙና ሳንታጠብ ምንም እንዳንቀምስ አዘዘችን።

ልጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ ግን ቀና ስል ያየሁት ነገር ክው አደረገኝ። ባሕር ዛፎቹ፣ ከሥራቸው የተጋደመው የሲሚንቶ ቱቦ፣ ወደ ውኃው የሚያወርደው ቀጭን መንገድ። አክስቴ ለእማዬ የነገረቻት ቦታ ይኸው ነው።

እማዬ ያን ጊዜ ሚርፔሰቱ፣ ሰገነታችን ላይ ነበረች። አገር ቤት ቢሆን በወጋችን አራስ ጎጆ ትገባ ነበር፤ እዚህ ማሃኔ የሁዳ ሰፈር ግን ጎጆ የት ይገኛል? ስለዚህ እህቴን ከወለደች ጀምሮ እሱን በአንሶላ ከልላ ከሕፃኗ ጋር ለብቻዋ ትተኛለች። አንነካትም። ምግቧን ደፉ ላይ እናስቀምጥላታለን፣ እሷ ታነሳለች። ቀኗ ሲሞላ ወንዝ ወርዳ፣ ተነክራ፣ ወደ ቤት ትገባለች። ቀኗ የሚሞላው ደግሞ በማግስቱ ነበር። ገና ሳትወልድ ሚቅዌውን፣ የአገሩ ሴቶች የሚነከሩበትን ገንዳ፣ ወስደው አሳይተዋት ነበር። በግድግዳ መካከል የቆመ ውኃ እንዴት አድርጎ ያነጻኛል ብላ ተመለሰች። ለሷ ውኃ ማለት የሚሄድ ነው። አክስቴ ያንን ቦታ ያገኘችላት ዕለት እማዬ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ብልቃጦቹን እንድታውሰኝ ሞራዋን ለመንኳት። ለእናቴ ላሳያት ነው ከማለት በቀር ሌላ አልነገርኳትም። ጠብታው እጅሽን እንዳይነካ ብላ ሰጠችኝ።

ቤት ስደርስ አክስቴ ከደፉ ወዲህ፣ እማዬ ከወዲያ ተቀምጠው ስለ ነገው ያወራሉ። አንድ ጠርሙስ ከቧንቧችን ሞልቼ፣ ጠብታውን ጨምሬ ናጥሁት፤ ቡናማ ሆነ። ከወንዙ ጠርሙስ ጋር ደፉ ላይ አስቀመጥኩት። እማዬ ሁለቱንም አንስታ አየች።

“ንጹሑ የቱ ነው?” አልኳት።

“ምነው፣ ዓይኔ ጠፋ አሉሽ? ይሄ ነዋ” ብላ ነጩን አነሳችው።

“እሱ የወንዙ ነው፣ እማዬ። ነገ የምትሄጂበት። ፍሳሽ ይገባበታል። ሞቷል።”

“ውኃም ይሞታል?” አለች አክስቴ እየሳቀች። “ፈረንጆቹ የሚያስተምሩሽ ይሄን ነው? ሲሄድ በዓይኔ አይቼዋለሁ።”

እማዬ አልሳቀችም። “ዓሣ አየሽበት?” አለችኝ።

“አላየሁም።”

“እንቁራሪትስ?”

“ምንም የለበትም።”

እማዬ ነጩን ጠርሙስ ከሕፃኗ አራቀችው። አክስቴ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ማየት ጀመረች። የአገሩ ሙቀት ነው እያለች ስታክከው የከረመችው ሽፍታ እስከ ትከሻዋ ወጥቷል። ሳቋ ገና ከፊቷ ሳይጠፋ፣ “እኔ እኮ በየወሩ እነከርበታለሁ” አለች።

እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ውኃው ቡናማ የሚሆነው የት ነው ብዬ ሞራዋን ጠየቅኋት። ወደ ምንጩ ነው አለችኝ፤ የሚወስደውንም አውቶቡስ ነገረችኝ። ከሰዓት በኋላ ሄድን። አውቶቡሱ ውስጥ እማዬ ማንም እንዳይነካት ጥግ ይዛ ቆመች። አንድ ሽማግሌ ለባለ ሕፃኗ ብሎ ከወንበሩ ቢነሳ፣ እምቢ አለችው። ሰውዬው ተቀየመ፤ አክስቴ “በሰደር፣ በሰደር”፣ ምንም አይደል፣ እያለች ስታባብለው ደረስን።

እዚያ ውኃው በሸምበቆ መካከል ጠርቶ ይወርዳል። እማዬ ጫማዋን አወለቀች፤ ግን አልገባችም። “ናጪው” አለችኝ።

ቀድቼ፣ ጠብታውን ጨምሬ ናጥሁ። ሦስታችንም ጠርሙሱ ላይ አፈጠጥን። ደመናው ቀስ እያለ ወረደ፣ ጠቆር አለ፣ ቡናማ ሆነ። እማዬ በኔ ቃል አልረካችም፤ ራሷ ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ ሕፃኗን ሣሩ ላይ አስተኝታ ገባች። አክስቴም ተከተለቻት፤ ክንዷን በአሸዋ ስታሽ ቆየች፣ ብንጠራት ብንጠራት አልወጣ አለች።

ፀሐይ ስትገባ እማዬ መጥታ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው። እህቴ ከተወለደች ወዲህ ነክታኝ አታውቅም ነበር። እጇ ከመቀዝቀዙ የተነሣ ዘለልኩ።