አጉራሹ የቆመበት ቦታ

ባለቤቴ ካረፈ ስምንት ወር ሆነው። ልብሱን ሰጥቻለሁ። የጋራዥ መፍቻዎቹን አብረውት የሠሩ ሰዎች መጥተው ወሰዱ፤ ደስ አለኝ፣ ሥራ ላይ ይዋሉ። አንድ ነገር ግን ለማንም አልሰጠሁም። ከቆርቆሮ የሠራት፣ የጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገባ ታንክ ናት። ለቅሶ የመጡ ሰዎች ቁም ሳጥኑ ላይ ሲያዩዋት «የልጆች መጫወቻ ናት?» ይሉኛል። አይደለችም ብዬ አልፋለሁ፣ ታሪኩ ረጅም ስለሆነ። እዚህ ልጻፈው። ዓይኔ እያስቸገረኝ በቀን አንድ ገጽ አልሞላም፤ ነገር ግን የሚያቻኩለኝ የለም።

በደርግ ጊዜ ነው። ባለቤቴ በምሥራቁ ጦርነት የታንክ ሾፌር ነበር። እግሩ ተጎድቶ ከጦሩ ተሰናበተና ናዝሬት አንድ ጋራዥ ተቀጠረ። እኔ አስተማሪ ነበርኩ። ከተጋባን ሁለት ዓመት አልፎናል፣ ስለ ጦርነቱ ግን አንድ ቃል አልነገረኝም። በሚያዝያ ወር የናዝሬት ሙቀት ቤቱን ምድጃ ሲያደርገው እኔ ስማረር ብቻ «ይሄም ሙቀት ሆኖ ነው?» ይለኛል። ከዚያ ያለፈ ነገር ብጠይቀው ተነሥቶ የማይጠብቅ ነገር ያጠብቃል፤ የበር ማጠፊያ፣ የወንበር እግር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በራችንን አንዲት እናት አንኳኩ። ከመቂ ነው የመጡት፤ ሽንኩርት በጫነ መኪና እስከ ሞጆ፣ ከሞጆ ደግሞ በአውቶቡስ። በሻሽ የቋጠሩትን ሽንኩርት መሬት አስቀምጠው «አካም ጅርቱ?» አሉን። ባለቤቴ የአቦምሳ ልጅ ነው፤ በኦሮምኛ ሰላምታውን መልሶ አስገባቸው። እሳቸው ግን እኔን አይተው ወደ አማርኛ ዞሩልኝ፤ ቀስ ብለው፣ ቃል እየመረጡ።

ከደረታቸው ሥር በላስቲክ የተጠቀለሉ ደብዳቤዎች አወጡ። ልጃቸው ከጦር ሜዳ የላካቸው ናቸው። ልጁ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ደብዳቤው ውስጥ የባለቤቴን ስም እየጠራ «ወንድሜ ነው» ይል ስለነበር፣ እያጠያየቁ ነው ቤታችን የደረሱት።

«ልጄ ወጥ ቤት ነበር» አሉ። «እዚህ ላይ አለ። እኔ አጉራሽ ነኝ፣ አታስቡ ይላል። ደብዳቤ የሚያነብልን ሰው ነመ ኛቺሱ አለን፤ ሰው የሚያበላ ማለት ነው አለን። እኔም አባቱም ደስ አለን። የሚያበላ ሰው ከኋላ ነው የሚሆነው አልን። ጥይት አያገኘውም አልን።» ቀና ብለው ባለቤቴን አዩት። «አንተ አብረኸው ነበርክ። ንገረኝ ልጄ። ወጥ ቤቱን ምን መታው?»

ባለቤቴ ፊቱ ተለዋወጠ። እኔ ያኔ አልገባኝም፤ በኋላ ነው ያስረዳኝ። ታንክ ውስጥ አራት ሰው ነው ያለው። አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ይተኩሳል፣ አንዱ ያዝዛል። አራተኛው የመድፉን ጥይት እያነሣ ከኋላ በኩል መድፉ ውስጥ ይከታል። ወታደሮች ይህን ሰው አጉራሽ ይሉታል።

«አዮ» አላቸው ባለቤቴ፣ እናት እንደማለት ነው። «በአፌ አልችልም። የሚቀጥለውን ሽንኩርት ከማሳው አንሥታችሁ ስትጨርሱ ይምጡ። የነበረበትን ቦታ አሳይዎታለሁ።»

«እዚያ ድረስ ልትወስደኝ?»

«እዚሁ ነው የማሳይዎት።»

ሸኝተናቸው ስንመለስ ተቆጣሁት። «ምን ልታሳያቸው ነው? ተዋቸው። ወጥ ቤት ነበር ብለው ካሰቡ ወጥ ቤት ይሁን። ምን ይጎዳሃል?»

«እኔ ካልነገርኳቸው ማን ይነግራቸዋል?» አለኝ። «ከአራታችን የተረፍኩት እኔ ነኝ።»

ይህንንም የሰማሁት ያን ቀን ነው።

በማግሥቱ ሥራ ጀመረ። የታንኩ ላዩ በሁለት ቅዳሜ አለቀ፤ የዘይት ቆርቆሮ ቆርጦ፣ አጥፎ፣ በእርሳስ በየደው። እኔ አለቀ ብዬ ነበር። እሱ ግን የላይኛውን ክፍል እንደ ድስት ክዳን እንዲነሣ አድርጎ ሠርቶት ኖሮ አነሣና ባዶውን አሳየኝ። «አሁን ሆድ ዕቃው ይቀራል» አለ። ሆድ ዕቃው አራት ወር ፈጀ።

መለኪያው የክብሪት እንጨት ነበር። አንድ የክብሪት እንጨት አንድ ሰው ነው። «ታንከኛ አጭር ነው፤ ረጅም አይወስዱም» ይለኛል፣ ረጅም ነሽ ሊለኝ ሲፈልግ። የሚሠራውን ወንበር ሁሉ እንጨቷን አጠገቡ አቁሞ ያያል፤ ጉልበቷ የት ይደርሳል፣ ጭንቅላቷ ጣሪያ ይነካል ወይ እያለ። የሾፌሩን ወንበር ያለበሰው ከእጅ ቦርሳዬ በቆረጠው ቆዳ ነው፤ ሳይጠይቀኝ ነው የቆረጠው፣ ሦስት ቀን አኩርፌዋለሁ። ገበያ አጠገብ ያለው ሰዓት ሠሪ የሞቱ ሰዓቶች ሰጠው፤ ከውስጣቸው ባወጣቸው ጥቃቅን ነገሮች የሙቀቱንና የዘይቱን መለኪያ ሠራ። እኔም ትምህርት ቤት ተማሪዎች የጨረሱትን እስክሪብቶ እየሰበሰብኩ አመጣለት ነበር። ቀሰሙን እየቆረጠ ጥይት ያደርገዋል። ውስጡን በሙሉ ነጭ ቀባው። «ለምን ነጭ?» አልኩት። «ነጭ ነዋ። ውስጡ እንደ ሆስፒታል ነው» አለኝ።

ቀበሌው እንዳያውቅ እፈራ ነበር። ወታደር የነበረ ሰው የታንክ ውስጡን እየሠራ ነው ቢባል ምን እንደሚከተል ማን ያውቃል? ሰው ሲመጣ የእንጀራ ሌማቱን እደፋበታለሁ። አንድ ቀን ግን የቀበሌው ሰው ስለ መሠረተ ትምህርት ሊያነጋግረኝ መጣና በሩ ክፍት ስለነበር ዘው ብሎ ገባ። ታንኩ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል። ሰውየው ቁጢጥ ብሎ ዓይኑን አስጠጋ። ቀጥ ብዬ ቀረሁ።

«መሪው የት አለ?» አለ።

«መሪ የለውም» አለው ባለቤቴ፣ ቀና ሳይል።

«እንዴት መሪ አይኖረውም?»

«ታንክ መሪ የለውም፣ ጓድ። በሁለት ዘንግ ነው የሚሄደው፤ ግራ ሲጎተት ግራ፣ ቀኝ ሲጎተት ቀኝ።»

ሰውየው ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጓድ፣ መሪ የለውም እያልክ ጮክ ብለህ አታውራ» አለው። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። እኔ ሳቄ የመጣው ሰውየው ከሄደ በኋላ ነው፤ መጣና ግን አልቆም አለኝ። ባለቤቴ ሳምንቱን ሙሉ ወጥ ስሠራ «መሪ የለሽም እንዴ?» እያለ አሾፈብኝ።

የሾፌሩን ቦታ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሠራው ማለት ይቻላል። ፔዳሉን፣ ዘንጎቹን፣ ከጉልበቱ አጠገብ የምትገኘውን ትንሽ ማብሪያ ሳይቀር። ዘንጎቹ ከፀጉር መያዣዬ የተሠሩ ናቸው። የአጉራሹ ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ሁለት ሳምንት ታንኩን አልነካውም።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«አላየሁትም» አለኝ። «ሾፌር ወደ ፊት ነው የሚያየው። እሱ ከኋላዬ ነው። ታንኩ ቆሞ ስንፈትሸው ገብቼ አይቻለሁ፤ በሥራ ላይ ግን የማውቀው በድምፁ ብቻ ነው።»

ከዚያ አንድ እሑድ በርጩማ ላይ ተቀመጠና ጀርባውን ሰጠኝ። «ድስት ያዢና ከኋላዬ ቁሚ» አለኝ። አሞታል እንዴ ብዬ አየሁት። «መሬት አስቀምጪው። አንሺው። ወደ ቀኝ… አይ፣ በጣም ራቅሽ፤ እንዲህ አይሰማም ነበር። ቀረብ በይ። ክዳኑን ጥርቅም አድርጊው።» ድስት እያነሣሁ፣ እያስቀመጥኩ፣ ክዳን እየዘጋሁ ግማሽ ቀን ዋልን። ጎረቤቴ ከአጥር ማዶ «ቲቸር፣ ከማን ጋር ነው የተጣላሽው?» አለችኝ። በመጨረሻ «እዚያ!» አለ። «እንዳትነቃነቂ!» ተነሥቶ በጠመኔዬ እግሬን ዙሪያውን መሬት ላይ አሠመረ። ከበርጩማው እስከ እግሬ ለካ። አጉራሹ የቆመበትን ወለል የሠራው በዚያ ልክ ነው።

እናትየው ሽንኩርቱ ተነሥቶ ሲያልቅ መጡ። ውኃ ጠጡ፣ ስለ መንገዱ ተነጋገርን። ባለቤቴ ታንኩን አምጥቶ ፊታቸው አስቀመጠ፣ ክዳኑን አነሣ።

«ይሄ እኔ ነኝ» አለ፣ የቆዳውን ወንበር በስንደዶ ጫፍ እየነካ። «ይሄ ተኳሹ። ከሱ ኋላ አዛዣችን። እዚህ ጋ ደግሞ የርስዎ ልጅ።»

«ቆሞ?»

«ቆሞ። ጥይቱን ከዚህ ያነሣል፣ በዚህ በኩል ለመድፉ ያጎርሳል።» ስንደዶውን መድፉ ላይ አሳረፈ። «ለሰው አልነበረም የሚያጎርሰው፣ አዮ። ለመድፉ ነው።»

እኔ ወለሉን ነበር የማየው። እናትየው ይጮኻሉ ብዬ ነበር፤ ወይም ይነሣሉ። እሳቸው ግን ወደ ታንኩ ጎንበስ ብለው ብዙ አዩ።

«በየትኛው እጁ ነው?» አሉ።

«ምኑ?»

«የሚያጎርሰው።»

«በግራው። ቦታው ጠባብ ነው፣ በቀኝ አይመችም። ሌሎች አጉራሾች ሁሉ ይቸገራሉ። እሱ ግን ከሁሉም ይፈጥን ነበር።»

«ግራኝ ነዋ!» አሉ። «ልጄ ግራኝ ነበር። በግራ እጅ እህል አይነካም እያልኩ ያቺን እጅ ስንት ጊዜ በማማሰያ መታኋት!»

«ይነግረን ነበር» አለ ባለቤቴ። «ባጎረሰ ቁጥር ‹እናቴ እንዳታየኝ› ይል ነበር። አዛዣችን ሳይቀር ይስቅ ነበር።»

እናትየው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። እውነተኛ ሳቅ ነው፣ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ። ከዚያ ሳቁ ሳይቋረጥ ለቅሶ ሆነ። ባለቤቴም አለቀሰ። ሲያለቅስ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

ዓይናቸውን ጠርገው ሌባ ጣታቸውን በሾፌሩ ወንበርና በአጉራሹ ወለል መካከል አስገቡ። ጣታቸው ቦታውን ሞላው።

«ይሄን ያህል ነው በመካከላችሁ ያለው?»

«እጄን ወደ ኋላ ብዘረጋ እነካዋለሁ።»

«ሲመታችሁ ጮኸ?»

«አልጮኸም። ድምፁን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። አልጮኸም።»

አመኑት። እኔም አመንኩት፤ ያን እሑድ ከኋላው ድስት ይዤ ቆሜ ነበርና።

ለመሄድ ሲነሡ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ አስተማሪ ነሽ። ለአባቱ ደብዳቤ ጻፊልኝ። ልቡ ታሟል፤ ይሄን እኔ አልነግረውም። ወጥ ቤት ነበር ብለሽ ጻፊልኝ።»

ወረቀት አመጣሁ። ባለቤቴ «ወጥ ቤት አትጻፊ» አለ።

«ልጄ፣ ሰውየው ይሞትብኛል!»

«ይገባኛል አዮ። ግን በእኔ ቤት ስለሱ ውሸት አይጻፍም።»

«እንግዲያው ምን ትጻፍ? አንተ ንገራት!»

ሁለቱም እኔን አዩኝ። ከዚያ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ ልጅዎ እስከ መጨረሻው ቀን አጉራሽ ነበር፣ በሥራው የሚስተካከለው አልነበረም፣ አብረውት የነበሩት ይወዱት ነበር። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ባለቤቴ ራሱን ነቀነቀ። እናትየው «የቱ ነው አጉራሽ የሚለው?» አሉ፤ በጣቴ አሳየኋቸው። ትንሽ አዩትና ወረቀቱን አጥፈው ላስቲኩ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ጨመሩት። «ያው የሚያነብልን ሰው ያንብበው» አሉ። «እንደሚያውቀው ያንብበው።»

ባለቤቴ እያነከሰ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኛቸው። ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ እኔ አጠገብ ተቀመጠ። የማይጠብቅ ነገር ሊያጠብቅ ይነሣል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልተነሣም።

«ተኳሹ ደግሞ» አለኝ፣ «ድምፅ የሌለው ዘፋኝ ነበር። መንገድ በጀመርን ቁጥር ይዘፍናል። ዝም አሰኙልኝ እያልኩ ስንት ጊዜ ለአዛዡ ከስሼዋለሁ መሰለሽ።»