በሰም የተደፈነችው ቀዳዳ

ዛሬ ጠዋት እንጅባራ፣ መምህራን ክፍል ውስጥ ፈተና ላርም ቀዩን እስክርቢቶ ከደረት ኪሴ ባወጣው ጣቶቼ ላይ ቀለሙን ተፋብኝ። ጉዱን ልየው ብዬ የኋላ መድፈኛውን በጥርሴ ብነክሰው፣ በጥፍሬ ብፈለቅቀው፣ በቁልፍ ብጎረጉረው ወይ ፍንክች! የዘንድሮ ዕቃ ሲበላሽ ጣሉኝ ይላል እንጂ ፍቱኝ አይልም። ያ ቅባት ቅባት የሚለው የቀለም ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ ግን ሐሳቤ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ወደነበረው የአባቴ ቤት ይዞኝ ሄደ፤ እዚያም የጠበቀኝ ሌላ ንዴት ነው።

አባቴ ንብ አናቢ ነበር፤ ለእሱ ሰም የማይፈታው ችግር አልነበረም። ቅል ሲሰነጠቅ ሰም፣ ገንቦ ሲያነባ ሰም። ከቆሰበር ገበያ ለእኔና ለታላቅ እህቴ ለአንጓች እስክርቢቶ ገዝቶ በመጣ ቁጥር፣ እስክርቢቶው ወገብ ላይ ያለችውን የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አይቶ "ደግሞ ቀዳዳ ሸጡልኝ!" እያለ ነጋዴውን ይራገምና፣ ቀለሙ እንዳይፈስ ሰም በጣቱ አሙቆ ጥርቅም አድርጎ ይደፍናታል።

የአገራችንን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ቀለም ረግቶ አልጽፍ ስለሚል ተማሪ ሁሉ እስክርቢቶውን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ነው ትምህርት ቤት የሚደርሰው። የሌላው ልጅ ሞቆ ይጽፋል፤ የእኛ ግን ቀለሙን እዚያው ብብታችን ውስጥ ይዘረግፈዋል። ልብሳችን ሰማያዊ ሆኖ ስንመለስ አባቴ ሰሙ አንሶ ነው ብሎ ይጨምርበታል። ይጨምርበታል! ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

በመጨረሻ ትዕግሥቱ አለቀና አንጓችን "ከእንግዲህ አንድ እስክርቢቶ ብታበላሺ ትምህርት የለም፤ ቤት ትውያለሽ" አላት። ለእኔ ለወንዱ እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ አልደረሰኝም።

ሌላ ሰው ቢሆን የቀረችውን እስክርቢቶ እንደ ዓይን ብሌን ይጠብቃት ነበር። እሷ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? እሁድ ከሰዓት ደጃፍ ተቀምጣ ፈታቻት! ክዳኗን፣ መድፈኛዋን፣ ቀጭኗን የቀለም ቱቦ፣ የጫፏን ናስ ሳይቀር ነቅላ ሰፌድ ላይ ደረደረችው። "አንቺ ልጅ፣ አብደሻል?" ብላት "ዝም በልና ያዝልኝ" አለችኝ። ሰሙን በእሾህ ፈልፍላ ባዶውን ቀፎ ስትነፋው፣ አየሩ በቀዳዳዋ ወጥቶ ጉንጬን ነካኝ።

"አየህ፣ መተንፈሻዋ ናት" አለች። "ውስጡ ያለው አየር ብብታችን ውስጥ ሲሞቅ መውጫ ያጣል፤ መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ይገፋዋል።"

ይህን ስትል ናሱ የተነቀለው ቱቦ ቀለሙን ሰፌዱ ላይ እያንጠባጠበ ነበር፤ አባቴም የደረሰው በዚያው ሰዓት ነው። ቢያንስ መሸሽ አልነበረባትም? እሷ እቴ! ተነሥታ "አባባ፣ የሚያፈሰው ሰሙ ነው፤ ቀዳዳዋን አይድፈኑብን" ብላ ሁሉንም አስረዳችው። አባቴ ቀፎውን ተቀብሎ በብርሃን አየው፤ ነፋውም። ሲቆጣ እንደሚያደርገው በአገውኛ ሳይሆን፣ ቀስ ብሎ በአማርኛ "ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ተናግሬያለሁ" አለና ገባ። ሰኞ ትምህርት ቤት ብቻዬን ሄድኩ።

ከገበያ አዲስ እስክርቢቶ ሲያመጣልኝ እንደ ልማዴ ሰሙን ፈለግሁ። ቀዳዳዋ ክፍት ናት። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ደፍኖብኝ አያውቅም፤ እኔም በክፍት እስክርቢቶ ተምሬ መምህር ሆንኩ። ለእሱ አፈሩ ይቅለለው፤ እኔ ግን ያቺን ሰኞ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

አንጓች ተድራ ዳንግላ ነው የምትኖረው። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ደወልኩላትና የቀዩን እስክርቢቶ ነገር ስነግራት "ቀዳዳዋን አይተሃል?" አለችኝ። አገላብጬ አየሁ። ባልደረቦቼ እንዳይወስዱብኝ ስሜን ጽፌ የጠቀለልኩባት ፕላስተር ቀዳዳዋን ድፍን አድርጓታል።

"አባባን ቁጭ!" ብላ እስኪያስላት ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ።