የቀዲር ባኽሽ እውነተኛዋ ሳንቲም

የጥንት ፍርስራሽ በሚጎበኝባት ከተማችን በታክሲላ የጥንት ሳንቲም አስመስሎ በመሥራት ጎረቤቴን ቀዲር ባኽሽን የሚስተካከለው አልነበረም። ድሮ አገራችንን የገዙ የግሪክ ነገሥታት እዚህ ያስቀረጿትን፣ በአንድ ፊቷ ዝሆንና የግሪክ ፊደል፣ በሌላው ሻኛ ያለው በሬና የአገራችን የጥንት ጽሕፈት ያለባትን አራት ማዕዘን የብር ሳንቲም አንድ በአንድ በእጁ እየቀረጸ ለጎብኚ ይሸጣል። የሠራውን የምታስረጅለት ሚስቱ ሰኪና ናት፤ በጨውና በእበት ለውሳ፣ በድስት አድርጋ የጎሿ በረት ውስጥ እስኪጠቁር ትቀብረዋለች።

ልጃቸው ታንቪር ራዋልፒንዲ ከተማ ታሪክ ያስተምራል። ተማሪዎቹ «የአጭበርባሪው ልጅ» ካሉት ወዲህ የአባቱን ደጅ አልረገጠም። ይህ ቀዲርን ያንገበግበው ነበር።

አንድ ቀን ቀዲር ጓሮውን ሲያስቆፍር እውነተኛዋን የጥንት ሳንቲም አገኘ። አጥቦ እስክታብለጨልጭ ወልውሎ አሳየኝና፣ «ይቺ የኔ እጅ የለባትም» አለኝ። ወዲያው ለልጁ ደወለ።

«ና ልጄ። ሙዚየም ወስደህ አንተው አስረክባት።»

ታንቪር ስንት ተለምኖ ለእረፍቱ እመጣለሁ አለ። ቀዲርን ግን በመሀል ወባ ጣለው። ሳንቲሟን ከአዲሶቹ ሥራዎቹ ጋር አንድ ሳህን ላይ ትቷት ነበር፤ እንዲህ ያለ ዝርክርክነቱ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሰኪና ሥራው እንዳይጓደል ብላ ሁሉንም ጠራርጋ ቀበረቻቸው።

ታንቪር በመጣ ቀን እኔም ባለሁበት ድስቱ ወጣ። ሁሉም ጠቁረው አንድ ሆነዋል።

«ምን ጉድ ሠራሽኝ፣ አንቺ ሴት?»

«እኔ ምን ላርግ? ሁሌም ሳህኑ ላይ ያለውን ነው የማነሳው። ለይተህ አታስቀምጥም ነበር?»

ቀዲር እያገላበጠ ሊለያት ሞከረ፤ አልቻለም። ታንቪር ግን አንዷን አንስቶ በብርሃን አያትና ፊቱ ፈካ።

«አባዬ፣ ይቺ ናት። እንዲህ ያለ ሥራ ዛሬ ከየት ይመጣል?»

በልቤ ቀዲርን ዝም በል፣ ዝም በል እለው ነበር። ቀዲር ሳንቲሟን ተቀብሎ ደጋግሞ አያት።

«ይቺስ የኔ ናት ልጄ። የዝሆኑ እግር ላይ መሮዬ አዳልጦኛል፤ ተመልከት።»

ታንቪር ከተቀመጠበት ተነሣ።

«ዕድሜህን ሙሉ የውሸቱን እውነት ነው እያልክ ሸጥክ። ዛሬ እኔ አመንኩህ ስል ውሸት ነው ትለኛለህ? ለገዢ ልታስቀራት ነው አይደል?»

እናቱ ያቀረበችለትን ሻይ ሳይቀምስ ወጣ።

ቀዲር ወደ እኔ ዞሮ፣ «እውነቱን እኮ ነው የነገርኩት» አለኝ። አምኜዋለሁ። የኔ ማመን ግን ምን ይረባዋል?