የጋሽ በሽር የጥበቃ መርከብ

ጋሽ በሽር ሁልጊዜ ጠዋት ሶላታቸውን ሲጨርሱ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ ብለው እፍ ይላሉ። በመስኮቱ ሥር ሾልኮ የገባው የበረሃ አቧራ ከመርከቧ ላይ ብን ይላል።

መርከቧ ክንድ የምታህል የእንጨት ሞዴል ናት። ጋሽ በሽር ሻንጣ የሚሸከሙበት ሆቴል በ2020 ሲዘጋ፣ ልጃቸው አድናን ከዚያው ከተማ ማዶ፣ ከሴንቴኒያል ሂልስ በፖስታ ላከላቸው፤ እንዲገጣጥሟት ተቆራርጣ፣ በካርቶን፣ ታሪኳን ከሚያወራ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ጋር። ቫይረሱን እንዳያመጣባቸው ፈርቶ ራሱ አልመጣም። ግን እሱም ያው መጽሐፍ ስላለው ዓርብ ዓርብ እየደወለ ያነብላቸው ጀመር። ከዚያ በፊት በወር አንዴም አይደውልም ነበር።

እኔ ሜሪላንድ ፓርክዌይ የሚባለው መንገድ ላይ ጎረቤታቸው ነኝ። አስቤዛ ሳደርስላቸው ጭምብሌን አድርጌ በራፍ ላይ እቆማለሁ፤ ስልኩ ስፒከር ላይ ነው።

«አባ፣ ይቺ ሺፕ የዛሬ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ነው የተሠራችው። የባሕሩን ኮስት ፓትሮል ታደርጋለች። ሻይና አልኮል ደብቀው የሚያስገቡትን ቼዝ እያደረገች ትይዛለች።»

«የኮምቦልቻ ኬላ በለኛ! ጉቦስ ይበላሉ?»

«አባ! ኔቪ እኮ ነው፣ ባሕር ኃይል።»

«ይሁና። ኬላ ኬላ ነው።»

ክረምቱ እንዲህ አለፈ። ጋሽ በሽር ጎኗን በቀጭን እንጨት ለበጡ፣ ምሰሶዋን አቆሙ፣ ጣት የማያህሉ መድፎቿን ደረደሩ። በስልኩ ውስጥ ደግሞ አድናን ሲያነብ እውነተኛዋ መርከብ አረጀች። ትልቅ ጦርነት አላየችም። በጭጋግ ስትመላለስ ኖራ፣ በኋላ ወደብ ውስጥ ውሃ ማመላለሻ አደረጓት፤ በመጨረሻም ሸጧት፤ የገዛት ሰው እንጨቷን ፈለጠው።

ጋሽ በሽር ምሰሶዋን በጣታቸው ደገፍ አደረጉ። «ሰዎቿስ የት ገቡ?»

«ቡኩ አይልም አባ። አለቀ። አሁን የቀረህ የምሰሶዋ ገመድ ብቻ ነው አይደል? ስትጨርስ ፎቶ ላክልኝ።»

«ገመዱማ ከባድ ነው» አሉ ቶሎ ብለው። «ሥዕሉ አልገባኝም። ሳምንት ታስረዳኛለህ።»

በ2021 ሆቴሉ ተከፈተ፤ እሳቸውን ግን አልጠራቸውም። ሁለቱም ክትባት ወሰዱ። አድናን ኦቨርታይም በዝቶበት አልመጣም፤ ዓርብ ሲሆን ግን ይደውላል፤ አንዱን ቋጠሮ ከሌላው እየለየ በትዕግሥት ያስረዳቸዋል። እሳቸውም «እሺ ጌታዬ፣ እሺ» ይላሉ፤ ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ትንሽ ይዘውት ይቆያሉ።

ስለ እሳቸው ልጽፍ ብዬ ሳስፈቅዳቸው «ሻንጣ ተሸካሚን ማን ያነብልሻል?» ብለው ሳቁ። ከዚያ አንድ ነገር እንዳልጽፍ ለመኑኝ፦ ገመዱ ያለቀው ከረመዳን በፊት ነው። ሐሙስ ሐሙስ፣ ለዓርቡ ስልክ፣ ወረንጦ ይዘው ይቀመጡና መልሰው ይፈቱታል።