ካፒቴንን ማዘዝ

እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ነው የተማርኩት። ልጄን ያሳደግኳት ሮም፣ ቶር ፒኛታራ የሚባል ሰፈር፣ አንዲት አዛውንት ሲኞራ እየተንከባከብኩ ነው። ባሕር እፈራለሁ። ኦስቲያ ባሕር ዳርቻ ስንሄድ ውሃው ከጉልበቷ ሲያልፍ እጮህ ነበር። ስለዚህ ቺታዲናንሳዋን፣ የጣሊያን ዜግነቷን፣ አግኝታ ከባሕር ጠባቂዎች ጋር ልትሠራ እንደሆነ ስትነግረኝ፣ ሦስት ቀን እህል አልወርድ አለኝ።

«እማ፣ መርከብ ላይ እኮ አልወጣም» አለችኝ። «የብስ ላይ ነው የምቀመጠው።»

ሥራውን አስረዳችኝ። ወደቡ ላይ ባለ ክፍል ውስጥ ስክሪን ፊት ይቀመጣሉ። የሚገባውም የሚወጣውም መርከብ እንደ ትንሽ ምልክት ሆኖ ይታያቸዋል። ሁለት መርከቦች ሊቀራረቡ ሲሉ፣ ወይም መግቢያው ላይ ሌላ መርከብ ሲኖር፣ ለካፒቴኑ በሬዲዮ ይነግሩታል። የተጫነ መርከብ ቁም ስላሉት ወዲያው አይቆምም፤ ሞተሩ ጠፍቶም ገና ብዙ ይሄዳል። ስለዚህ ቀደም ብሎ፣ በአጭሩ፣ ግልጽ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል።

ልጄ የሥልጠናውን ፈተና የወደቀችው እዚህ ላይ ነው። ፈታኙ በሬዲዮ ሽማግሌ ካፒቴን ሆኖ ሲያናግራት፣ ይቅርታ እየጠየቀች፣ ቢቻልዎ እያለች ስትለማመጥ ስክሪኑ ላይ ያለው መርከብ ወደቡ ውስጥ ገባ። አስተማሪዋ «ካፒቴኑ ትዕዛዝሽን ከትሕትናሽ ውስጥ ፈልጎ ለማውጣት ጊዜ የለውም» አለቻት። አንድ ዕድል ቀራት። እሱንም ከወደቀች ከኮርሶው፣ ከሥልጠናው፣ ትወጣለች።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ባሕር አደረግነው። ካውያው ነዳጅ የጫነ መርከብ ሆነ። ድስቱ ደግሞ ወደቡ መግቢያ ላይ የቆመ ሌላ መርከብ። ካፒቴኑ እኔ ነኝ።

«ካፒቴን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የማያስቸግርዎ ከሆነ ትንሽ ቢጠብቁ...»

«ያስቸግረኛል፤ ቸኩያለሁ» ብዬ ካውያውን ገፋሁት።

«ዳይ፣ ተይ እንጂ እማ!»

«እማ አትበይኝ፤ ካፒቴን ነኝ።»

«እሺ... እንግዲህ ከቻሉ...»

ካውያው ድስቱን ገጨው። «አሎራ፣ በቃ፣ ነዳጁ ፈሰሰ» አልኳት። «ማን ሊያጸዳው ነው? ያው እኔ ነኝ።»

ሳቀች። ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠ። «ለትልቅ ሰው ትዕዛዝ አይሰጥም እያልሽ ያሳደግሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

እውነቷን ነው። ሰባት ዓመቷ ሳለ፣ አንድ ሽማግሌ እንግዳ እግሩ የላላ ወንበራችን ላይ ሊቀመጡ ሲሉ አየቻቸው። ቀሚሷን እያፍተለተለች «አባባ፣ ይቅርታ... አባባ፣ ከፈቀዱ...» ስትል እሳቸው ወለሉ ላይ ተዘረጉ። ወገባቸውን ሳምንት ሙሉ አሟቸዋል። እኔ ግን ያን ቀን እንኳ ልጄ ጨዋ ናት እያልኩ እንግዶቹ ፊት አመስግኛት ነበር።

«ያኔ አይቀመጡ ብለሽ መጮህ ነበረብሽ» አልኳት። «ይህን ያን ቀን መንገር ነበረብኝ። አሁን ልንገርሽ።»

ካውያውን ወደ ኋላ መለስኩና እንደገና መግፋት ጀመርኩ።

«ካፒቴን፣ ትዕዛዝ ነው። ወደቡ ውስጥ አይግቡ። የሰሙትን ይድገሙልኝ።»

የሥራው ደንብ ነው፤ የተነገረው ሰው የሰማውን መልሶ ካልተናገረ እንደሰማ አይቆጠርም። እኔ ግን በመድገም ፈንታ «አንቺ ማን ሆነሽ ነው የምታዥኝ?» አልኳት። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ያንኑ ቃል በቃል ደገመችልኝ። ሦስተኛው ላይ እጄ በራሱ ጊዜ ቆመ።

«ወደቡ ውስጥ አልገባም» አልኩ።

ሐሙስ ተፈተነች። ሲኞራዬን ሾርባ እያጎረስኳቸው ስልኬ ጮኸ። ሳህኑን አስቀምጬ አነሳሁት።

«እማ፣ አለፍኩ!»

«ካፒቴኑስ?»

«አንቺ ሳትወለጂ እኔ ባሕር ላይ ነበርኩ አለኝ።»

«ምን አልሽው ታዲያ?»

«ሰምቻለሁ ካፒቴን፤ አይግቡ፤ ይድገሙልኝ አልኩት።»

«አልተቆጣም?»

«ተቆጣ። ግን ቆመ።»

ሲኞራዬ ምን ተፈጠረ ብለው ጠየቁኝ። ልጄ ከሰኞ ጀምሮ ትልልቅ መርከቦችን ልታቆም ነው አልኳቸው።

«ያቺ ቀጭኗ? በምን ጉልበቷ?» አሉኝ።

«በአፏ» አልኳቸውና ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ማንኪያውን አነሳሁ።