«ዘር ከልጓም ይስባል» ያልኩበት ቀን

ይህን ለባሌም ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው።

ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመት ውስጥ አቃቂ፣ በአንድ ክር ፋብሪካ ክሊኒክ ነርስ ነበርኩ። ትርሲት እዚያው ፈታይ ነበረች። አባቷ በአረቄ የሞቱ ሰው ናቸው። አንድ ቀን በሩን ዘጋችና ጠረጴዛዬ ላይ ረጅም ክር ዘረጋች። በየቀኑ አንድ ቋጠሮ ቋጥራበታለች፤ አረቄ ባሸነፋት ቀን ደግሞ ቀይ ክር አስራበታለች።

«ሲስተር፣ እስቲ እይው። ቀዩ ሁሉ የወር አበባዬ ሊመጣ ሲል ነው። ሌላ ጊዜ ሽታውንም አልፈልገው። ምን ይሻለኛል?»

ሳቅኩ። እኔ፣ ተምሬያለሁ የምለው፣ ሳቅኩባት! የወር አበባንና አረቄን ምን አገናኛቸው ብዬ ክሩን ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት።

ምነው በዚያ በበቃኝ! በወሩ ለትርሲት ሽማግሌ ሊልኩ ያሰቡ ሰዎች ዘሯን ማጣራት ያዙ። ሊያገባት ያሰበው ልጅ አክስት ደም ግፊት ሊለኩ መጥተው «አባቷንስ እናውቃለን፤ እሷ እንዴት ናት ልጄ?» አሉኝ። ምስጢሯ መሆኑን አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። ግን አዋቂ መባል አማረኝ።

«ዘር ከልጓም ይስባል ይባል የለ?» አልኳቸው።

ይኸው ነው ያልኩት። ሽማግሌዎቹ ቀሩ። ትርሲት የአባቷ ስም ያስቀራቸው መሰላት። ቋጠሮዋን ተወች፤ ቀን ሳትለይ ትጠጣ ጀመር፣ ከሥራም ተባረረች።

ከዓመታት በኋላ ስልጠና ላይ አንድ ሐኪም አስረዳን። ከወላጅ የወረስነው ጂን አንጎል ውስጥ ሁልጊዜ እኩል አይሠራም፤ ሆርሞን ከፍ ዝቅ ሲል የአንዳንዱ ጂን ሥራም አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል፤ አንዳንድ ሴቶች ላይ የሱሱ አምሮት በእነዚያ ቀናት ይበረታል። ይህ አደጋውን ያበዛዋል እንጂ ፍርድ አይደለም አለ። ሌሎቹ ይጽፋሉ፤ እኔ ቅርጫት የጣልኩትን ክር አስባለሁ። ልጅቷ ደርሳበት ነበራ! የጎደላት ያንን ሳምንት የሚያግዛት ሰው ብቻ ነበር። አላወቅኩም ልበል? አፍን ለመዝጋት ሳይንስ ያስፈልጋል?

በቅርቡ ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ውስጥ አገኘኋት። መጠጥ ካቆመች ዓመት አልፏታል፤ አላገባችም። እጄን ያዘችና «ያኔ ገመናዬን የነገርኩት ለአንቺ ብቻ ነበር፤ ሸሸግሽልኝ። እግዜር ይባርክሽ» አለችኝ።

«አሜን» አልኩ።

አሜን አልኩ! ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም። ትርሲት የምትኖረው እዚያው ኮንዶሚኒየም፣ ከእኔ ሦስት ብሎክ እልፍ ብሎ ነው፤ እስካሁን በሯን አላንኳኳሁም።