ጽዋውን የተቀበለችው እንግዳ

ባለቤቴ ደብረ ማርቆስን አይታ የምትፈርደው በአንድ እሑድ ብቻ ነበር። ከተጋባን ገና አራተኛ ወራችን ነው፤ እሷ አዲስ አበባ ነርስ፣ እኔ እዚህ አስተማሪ። በስልክ ስንጨቃጨቅ ከርመን በመጨረሻ «አንድ ቀን ከተማህን አሳየኝ። ከወደድኩት ዝውውር እጠይቃለሁ፤ ካልወደድኩት አንተ ለቀህ ትመጣለህ» አለችኝ። እኔ የሉማሜ ልጅ ነኝ፤ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። «ትወጂዋለሽ!» ብዬ ስልኩን ዘጋሁባት። ወሩ ገና አለመጋመሱ፣ ኪሴ ግን ከወሩ ቀድሞ መገባደዱ ትዝ ያለኝ ከዘጋሁ በኋላ ነው።

ስለዚህ ያቀድኩት ሁሉ የማያስከፍል ነገር ሆነ። እሑድ ጠዋት ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመን ስንወጣ «ባጃጅ አንይዝም?» አለች።

«ከተማ የሚታየው በእግር ነው» አልኳት።

ዳገቱ ላይ ስንደርስ መጀመሪያ ጫማዋን፣ ቀጥላ እኔን አየች።

ይቺ ከተማ የጎጃም መናገሻ ነበረች፤ ንጉሥ ተቀምጦባታል። ዛሬ ግን ወደ ባሕር ዳር የሚያልፍ ሰው ወርዶ ምሳውን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ ይሄዳል። ዞር ብሎ የሚያያት የለም። ይህ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል፤ እሷንም እያንገበገበኝ አስረዳኋት። ቤተ መንግሥቱ ጋ ስንደርስ ግን ዘበኛው «ዛሬ ዝግ ነው መምህር» አለኝ። ስድስት ዓመት ኖሬ አስቀድሜ መጠየቅ አልታሰበኝም! በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቀን ተመለስን።

«ቆንጆ አጥር ነው» አለች።

«የከተማዋ የድሮ ስም መንቆረር ነበር» ብዬ ወሬ ቀየርኩ።

«እንኳን ቀየሩት!»

ንዴቴ ሽቅብ ሲወጣ ይሰማኛል፤ እሷ ግን አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቃለች። ከፍ ወዳለው ሜዳ ወስጄ የጮቄን ተራራ ላሳያት ጣቴን ቀሰርኩ። «የታለ?» አለች። ከደመናው ኋላ ነው አልኳት።

«እሺ። አጥር አየሁ፣ ደመና አየሁ። ቀጥሎስ?»

ቀጥሎ ዝናቡ ወረደ።

እየሮጥን ስንመለስ አከራዬን እማማን መንገድ ላይ አገኘናቸው። ባላቸው ከሞቱ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ምላሳቸው ግን ምንም ያላመመው ሴት ናቸው። ዕለቱ ሚካኤል ስለነበር ወደ ማኅበራቸው እየሄዱ ነው። «ይህን ዝናብ ልትጠጡት ነው? ኑ ግቡ!» አሉ።

«ኧረ እማማ፣ ሳንጠራ…»

«በሞቴ!»

እውነቱን ልናገር፤ ምሳ የት እንደማበላት ጨንቆኝ ስለነበር ሁለተኛ እስኪለምኑኝ አልጠበቅሁም።

ማኅበርተኞቹ በየወሩ በሚካኤል ቀን፣ ተራ በተራ በየቤቱ እየተገናኙ የሚበሉና የሚጠጡ ናቸው። ቤቱ ጢም ብሏል። ባለቤቴን ሁለት ሽማግሌዎች መሐል አስቀመጧት፤ አንዱ ሲያጎርሷት ሌላው «አፈር ስሆን፣ ይችን ብቻ» ይላሉ። ስለ እናቷ፣ ስለ ሥራዋ፣ ጉልበት ለሚያመው ሰው ምን እንደሚበጅ ጠየቋት። ሁሉንም ስትመልስ፣ ስትስቅ፣ እኔን ጭራሽ ረሳችኝ። ከጠዋት ጀምሮ ሳትቀልድብኝ የቆየችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ጸሎት ተደረሰና ሁሉም ተነሣ። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ የሚሏቸው አዛውንት፣ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ አንሥተው ለተረኛ ሊሰጡ ቆሙ። ተረኛዋ እማማ ናቸው። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ሊነሡ ሲሞክሩ ጉልበታቸው እምቢ አለ። ይኼኔ ባለቤቴ ብድግ ብላ «ይቀመጡ እማማ፣ እኔ ልያዝልዎ!» አለችና ጽዋውን ከሙሴው እጅ በሁለት እጇ ተቀበለች።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ወዲያው እልልታው ቀለጠ።

እሷ የተመሰገነች መስሏት ወደ ቀኝም ወደ ግራም እጅ ትነሣለች። እኔን ላብ አጠመቀኝ። ከሙሴው እጅ ጽዋ የተቀበለ ሰው የሚቀጥለው ወር ደጋሽ እሱ ነው፤ ይህ ሁሉ ሰው እሱ ቤት ይመጣል። የእኛ አገር ልጅ ይህን የሚያውቀው ገና ድክ ድክ ሲል ነው። እሷ ያደገችው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው።

እማማ በዓይናቸው «ንገራት እንጂ» አሉኝ። እኔ ግን የእሳቸውን ጃንጥላ ፍለጋ ዞርኩ። ካልነገርኳት ትመጣልኛለች የሚል ሰይጣን ጆሮዬ ሥር ተቀምጦ ነበር። ሴቶቹ እየዘመሩ እስከ ቤት ሸኙን፤ እሷ ጽዋውን በነጠላዋ ከልላ ደስ ብሏት ትራመዳለች፤ እኔ ጃንጥላውን ይዤ ከጎኗ አፍሬ እሄዳለሁ። ደጃፍ ላይ እማማን ወደ ጎን ጠርቼ «ጽዋውን ሊወስዱት ይችላሉ?» አልኳቸው። «ተራው የእኔ አይደለም እንዴ? ጠዋት መጥቼ እወስደዋለሁ» አሉኝ።

ቤት እንደገባን ሁሉንም ነገርኳት።

«ስቀበል ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«መንገዱን ሙሉ?»

«መንገዱን ሙሉ።»

«በዚህ አስረህ ልታስቀረኝ?»

«አስቤ ነበር። አልቻልኩም። እማማ ጠዋት ይወስዱታል፤ ማንም ቅር አይለውም። አንቺ የፈለግሽውን ወስኚ።»

ያን ምሽት ከማንም ጋር ሳይሆን ከጽዋው ጋር ተፋጥጣ ተቀመጠች።

ጠዋት እማማ መጡ። «አምጪው ልጄ፣ አንቺ መንገደኛ ነሽ።»

«ይቆይ እማማ» አለች። «ጠላ መጥመቅ ግን አላውቅም።»

«ከእናቱ ሆድ ጠምቆ የወጣ ማን አለ? አሳይሻለሁ» አሉና ግንባሯን ስመው ሄዱ።

መናኸሪያ እስክንደርስ ልቤ አላረፈም። ለአንድ ቀን ድግስ መምጣት ሌላ፣ ለመኖር መምጣት ሌላ። አውቶቡሱ ሞተሩን ሲያስነሣ በመስኮቱ ሥር ቆሜ «ለሚካኤል መጥተሽ ትመለሻለሽ ማለት ነው?» አልኳት።

«ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ብትደብቀኝ ከተማህንም አንተንም አላይም» አለች። ቀጥላ «በዚያች አንድ ክፍልህ ያ ሁሉ ሰው የት ይቀመጣል? እማማን ጎን ያለችውን ክፍል ጨምረው እንዲያከራዩን ጠይቃቸው። ጓሮውንም አስፈቅድ።»

«ጓሮ ደግሞ ለምንሽ ነው?»

«ጌሾ እተክልበታለሁ።»

አውቶቡሱ ወጣ። ጌሾ ተተክሎ በወር አይደርስም።